ከትንሽ ክፍል ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽም ወደ ትንሽ ክፍል፦ የናኖ ምርምር ሕንጻ በአገር አቅም

ባለሙያዎቹ ክሊንሩም የሚሉት ንጹሕ ክፍል የተወለደው አቧራ በማይጠፋበት ደረቅ አገር ነው። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ የአልበከርኪ ከተማ፣ በሳንዲያ ላቦራቶሪዎች የሚሠራው የፊዚክስ ባለሙያ ዊሊስ ዊትፊልድ፣ የተጣራ አየር ያለማቋረጥ እያስገባ በወለሉ በኩል የሚያስወጣ አነስተኛ ክፍል ይፋ አደረገ። እስከዚያ ድረስ መሐንዲሶች ክፍሉን በመጥረግና በመወልወል ነበር የሚታገሉት። ዊትፊልድ አየሩ ራሱ እንዲጠርግ አደረገ። አልበከርኪ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ፀሐይና ነፋስ የሚበዛባት ከተማ ናት። የራያን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ይህ መልክ እንግዳ አይሆንበትም፤ የራያ ከተሞች የሆኑት ቆቦና ሮቢትም 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፣ በጋቸውም ደረቅና አቧራማ ነው።

ሮቢት ላይ የናኖ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቁሶች የሚጠኑበት፣ ላቦራቶሪ የለም። ሆኖም በአገራችን ስለ ናኖ ምርምር ሕንጻ ሲታሰብ እንደ ሮቢት ያለ ቦታን መፈተኛ ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ በጎብዬና በቆቦ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ናት። በስተደቡብ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከእሱም አለፍ ብሎ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል፤ በቆቦ ደግሞ የስሪንቃ ንዑስ ጣቢያ። ሙቀቱ፣ አቧራው፣ የከባድ መኪናው ንዝረት፣ የመብራቱ መቆራረጥ፣ የጥቁር አፈሩ መሰንጠቅና ማበጥ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ ስጋት፣ ሁሉም እዚህ አንድ ላይ ይገኛሉ። እዚህ በአነስተኛ ገንዘብ ቆሞ ለዓመታት የሚሠራ ሕንጻ መንደፍ ከተቻለ፣ ሐዋሳም ሆነ ባሕር ዳር ይቀላል።

የዓለሙን ጉዞ በአጭሩ ላስቀምጥ። ሪቻርድ ፋይንማን በካልቴክ ስለ ጥቃቅኑ ዓለም የተናገረው ንግግር በታኅሣሥ 1959 ነበር። የዊትፊልድ ክፍል ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ፤ በ1963 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የንጹሕ ክፍል ደረጃ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚሠራበት አይኤስኦ 14644 የወጣው በ1999 ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ክፍል 5 በሚባለው የንጽሕና መደብ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ግማሽ ማይክሮን የሚያህሉና ከዚያ የሚበልጡ ብናኞች ከ3,520 መብለጥ የለባቸውም። ክፍል 7 ላይ ገደቡ ወደ 352,000 ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው የመቶ እጥፍ ልዩነት፣ እንደምናየው፣ የገንዘብም ልዩነት ነው።

በ1981 ሁለት የአይቢኤም ተመራማሪዎች፣ ጌርድ ቢኒንግና ሃይንሪሽ ሮረር፣ አቶምን በአቶም የሚያይ ማይክሮስኮፕ በዙሪክ አጠገብ ሠሩ፤ በ1986 ኖቤል ተሸለሙ። ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ ከአቧራ ብቻ ወደ ንዝረትም ዞረ። አሜሪካ በ2000 ብሔራዊ የናኖቴክኖሎጂ መርሐ ግብሯን ስታውጅ ደግሞ የትላልቅ ሕንጻዎች ዘመን ተከፈተ። የአሜሪካ የመለኪያና ደረጃዎች ተቋም በ2004 ያስመረቀው ላቦራቶሪ ሁለት ክንፎቹ ከመሬት በታች ናቸው። አይቢኤምና የዙሪኩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2011 በሩሽሊኮን በቢኒንግና በሮረር ስም የከፈቱት ማዕከልም ጸጥተኞቹን ክፍሎች ምድር ውስጥ ቀበራቸው። የማንቸስተሩ የግራፊን ተቋም በ2015 በ61 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈተ። በ2018 ደግሞ ኤምአይቲ ናኖ የሚባለው ሕንጻ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ በካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ተመረቀ።

ከኤምአይቲው ሕንጻ የምንኮርጀው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የምንማረው ግን አለ። በእነዚያው ዓመታት ውድ ሕንጻ የሚሠሩት ተቋማት ራሳቸው አዳራሹን በሙሉ ማጽዳት ኪሳራ መሆኑን ተረድተው ነበር። የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎች ቀደም ብለው፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ፣ ቁሳቁሱን በታሸገ ሳጥን እያጓጓዙ ከፍተኛውን ንጽሕና ማሽኑ አፍ ላይ ብቻ መጠበቅ ጀምረዋል። ሰው የሚንቀሳቀስበት ወለል መጠነኛ ንጽሕና ይበቃዋል። እንዲህ ነው ነገሩ ከዊትፊልድ ትንሽ ክፍል ተነሥቶ አዳራሽ ከሆነ በኋላ እንደገና ወደ ትንሽ ክፍል የተመለሰው። ለእኛ የሚጠቅመው ይህ መመለሻው መንገድ ነው፤ በአዳራሹ በኩል መዞር አያስፈልገንም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት ይታያል። ወለሉ 100 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 300 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። ክፍሉን በሙሉ ወደ ንጽሕና ክፍል 5 ለማድረስ አየሩን በሰዓት 300 ጊዜ ያህል መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህ በሰዓት 90,000 ሜትር ኪዩብ አየር በማጣሪያ ውስጥ መግፋት ማለት ነው። ያንኑ ክፍል በንጽሕና ክፍል 7 ላይ አቁመን በሰዓት 40 ጊዜ ብንለውጠው 12,000 ይሆናል። ውስጡ ባለ 10 ካሬ ሜትር የመጋረጃ ድንኳን ተክለን እሷን ብቻ ክፍል 5 ብናደርጋት 9,000 ይጨመራል። ድምሩ 21,000፣ ከመጀመሪያው ሩብ በታች ነው። ተመራማሪው እጁን የሚያስገባባት ቦታ በሁለቱም ንድፍ እኩል ንጹሕ ናት። በዚያ ላይ የፋን ባሕርይ አለ፤ ፍጥነቱን በግማሽ ስንቀንሰው የሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ማታ ሰው በማይኖርበት ሰዓት አየሩን በግማሽ ፍጥነት ማሠራት ያለ ምንም ተጨማሪ ግንባታ የሚገኝ ቁጠባ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ለመሣሪያ ጸጥታ ተብሎ የተሠራ ሕንጻ ታሪክ ቢያንስ ወደ 1957 ይወስደናል። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲጀመር ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ማዕከል አቋቋሙ፤ አዲስ አበባ ለምድር የማግኔት ወገብ ቅርብ መሆኗ ለሥራው ተመራጭ አድርጓት ነበር። እንዲህ ያለ ማዕከል መጀመሪያ ቦታ ይመርጣል፣ ቀጥሎ ይገነባል። የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መቀመጫው ከሕንጻው ወለል ተነጥሎ መሬቱን ራሱን መያዝ አለበት፤ አለዚያ የሚለካው የበር መዘጋትን ይሆናል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ጉዋን በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የማጀቴን ከተማ ያፈረሰው የ1961 የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ይገኛል፤ ካራቆሬና የራያ ቆላ በአንዱ የስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ መሆናቸውን ነዳፊ ሊዘነጋ አይገባም።

በ1970 የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ሥራ ሲጀምር የሕክምና ላቦራቶሪ ልማድ ተጠናከረ። የግብርና ምርምሩ ግን በሌላ መንገድ ነው ያደገው፤ ከሕንጻው ይልቅ ማሳው ነበር ላቦራቶሪው። በራያ ቆላ የሚኖር ገበሬ አቀንጭራ የተባለችው ጥገኛ አረም ምን እንደምታደርግ ያውቃል። በ2000 አካባቢ ከተለቀቁት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች መካከል አንዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሮቢት ጎረቤት ነው፤ ጎብዬ ይባላል። ከዝርያዎቹ ጀርባ ያለውን ሳይንስ የመሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ይህን ያነሣሁት ለክብር ብቻ አይደለም። በማሽላው ላይ የተገኘው ውጤት ከግዙፍ ሕንጻ የመጣ አልነበረም፤ ትክክለኛ ጥያቄ፣ ተስማሚ ማሳና ለዓመታት ሳይቋረጥ የቆየ ሥራ ነበሩ ያመጡት። የናኖ ላቦራቶሪም በዚህ አካባቢ ከተሠራ ጥያቄው ከማሳው መነሣት አለበት፦ የማዳበሪያ አለቃቀቅ፣ የእህል ሻጋታ መርዝ መለያ፣ የጉድጓድ ውሃ ማጣሪያ፣ ከማሽላ አገዳ አመድ የሚገኝ ሲሊካ።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ግንባታ ዘመን መጣ። በ2005 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች አቅም ግንባታ ፕሮግራም፣ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ ጋር፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በተመሳሳይ ንድፍ የመገንባት ሥራ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በኮንዶሚኒየሙም በካምፓሱም የተስፋፋው ተገጣጣሚ ወራጅና ባዶ ብሎኬት የሚደረደርበት ስላብ ብዙ ሲሚንቶና ብረት አድኗል፤ ለመማሪያ ክፍልና ለመኝታ ቤት ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፣ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ችግሩ የመጣው ያው ንድፍ ሳይለወጥ ላቦራቶሪ ሲሆን ነው። ቀላል ስላብ ሰው ሲራመድበት ይዘላል። ለቢሮ የሚፈቀደው የወለል ንዝረት በሰከንድ 400 ማይክሮ ሜትር ነው። ጥሩ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ወደ 50 እንዲወርድ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፖች እንደ ዓይነታቸው 12፣ 6 አልፎም 3 ይጠይቃሉ። በሦስተኛ ፎቅ፣ ተማሪ በሚመላለስበት ኮሪደር አጠገብ የተቀመጠ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ብዥ ያለ ምስል ይሰጣል። ማሽኑ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን የስላቡ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ ይቆጥባል እንጂ አይጨምርም። ከባዱንና ጸጥታ የሚፈልገውን መሣሪያ ሁሉ ምድር ቤት ላይ፣ መሬት ላይ ባረፈ ወፍራም ኮንክሪት ማስቀመጥ፤ ኮንክሪቱን ከሕንጻው መሠረትና ግድግዳ በክፍተት መለየት፤ ፋኑን፣ ፓምፑንና ጀነሬተሩን ደግሞ በተቃራኒው የሕንጻ ጫፍ፣ በራሳቸው መሠረት ላይ ማቆም። ፎቅ ካስፈለገ ፎቁ ለቢሮ ይሁን። አንድ ወለል ብቻ ያለው ረዘም ያለ ሕንጻ ለቆቦ ሜዳ ከሁሉ ይሻላል ብዬ አስባለሁ፤ አሳንሰር አይፈልግም፣ በመንቀጥቀጥም ጊዜ ከፎቅ ይልቅ የተረጋጋ ነው።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ተቋቁሞ ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱን ለናኖቴክኖሎጂ ሰጠ፤ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በላቁ ቁሶች ላይ አተኮረ። በ2016 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኋላ ባዮ እና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲሆን ናኖቴክኖሎጂ በግልጽ ከሥራው መካከል ገባ። እንግዲህ መዋቅሩ አለ። ከዚያ መዋቅር ውጪ፣ በክልል ዩኒቨርሲቲዎች፣ የናኖ ምርምር ማለት በአብዛኛው ምንድን ነው? ከዕፅዋት ቅጠል ጭማቂ የብር ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ጥቃቅን ማዘጋጀት ነው። ቢከር፣ ማሞቂያ፣ ሴንትሪፊዩጅና ምድጃ ይበቃዋል። ናሙናው ሲደርስ በኤክስሬይ ለማስመርመርና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለማየት ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ይላካል። ይህ ሥራ ክፍል 5 ንጹሕ ክፍል አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጥሩ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ነዳፊዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ንጹሕ ክፍል ከውጭ አቧራ እንዳይገባበት የውስጡን አየር ግፊት ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ ይገፋል። የናኖ ዱቄት የሚዘጋጅበት ክፍል ደግሞ ዱቄቱ ወጥቶ ሰው ሳንባ እንዳይገባ የውስጡን ግፊት ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። በአንድ ክፍል አዋህዶ መሥራት ወይ ናሙናውን ያበላሻል ወይ ሠራተኛውን ይጎዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ በፍጹም ሊታለፍ የማይገባው ነው። ስለዚህ ለሮቢት ዓይነት ቦታ የማስበው ሕንጻ በተርታ የተቀመጡ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ዱቄት የሚሠራበት በፊዩም ሁድ አየሩ የሚሳብ ክፍል፣ በመካከል ልብስና ጫማ የሚለወጥበት መተላለፊያ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ መጠነኛ ንጹሕ ክፍል ከትንሽ ድንኳኑ ጋር። የመለኪያ መሣሪያዎቹ ከእነዚህ ሁሉ ተለይተው በሕንጻው ጸጥተኛ ጫፍ ይቀመጣሉ።

አቧራውን በተመለከተ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ራያ ላይ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ሲወቃ እብቁ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላ ያለውን ነፋስ ይሞላዋል፤ አንገት ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፣ የመኪና አየር ማጣሪያን በጥቂት ቀን ግራጫ ያደርገዋል። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ የአንድ ማይክሮን ሲሶ የሚያህለውን ብናኝ 99.97 በመቶ ይይዛል፤ እብቅ ለእሱ ቀላል ነው። ነገር ግን እብቅ እንዲይዝ ከተተወ ቶሎ ይደፈናል፣ ዋጋውም በዶላር ነው። ስለዚህ ከፊቱ ሁለት ተራ ማጣሪያ ይደረጋል፤ የመጀመሪያው ታጥቦ ዳግም የሚገባ ይሁን። የአየር መሳቢያው አፍ በነፋሱ መምጫ ሳይሆን በተከለለው ወገን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይከፈት። በዙሪያው ያለው ግቢ ሣርና ቁጥቋጦ ይልበስ፤ የመኪና ማቆሚያው ይነጠፍ። እነዚህ በሥራ ዝርዝርና መጠን ሰነዱ (ቢል ኦፍ ኳንቲቲ) ውስጥ የመጨረሻው ገጽ ላይ የሚወድቁ፣ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዙ ሥራዎች ናቸው፤ የማጣሪያውን ዕድሜ የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ትልቁ የብናኝ ምንጭ ደግሞ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ የቆመ ሰው እንኳ ከቆዳውና ከልብሱ በየደቂቃው መቶ ሺህ ያህል ብናኝ ይጥላል። በመተላለፊያው ላይ ያለው የልብስ መለወጫ ሥነ ሥርዓት ከማንኛውም ማሽን በላይ ይሠራል፣ ዋጋውም ኢምንት ነው።

ንዝረቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሮቢት አስፋልት ዳር ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው ጭነት የያዘ ተሳቢ ሲያልፍ ሻዩ ላይ የሚሰፋውን ቀለበት ያያል። የቆቦ ሜዳ ከተራራው በወንዞች የወረደ ደለል የሞላው ነው፤ ለስላሳ ደለል ደግሞ ዝግተኛውን ንዝረት ሩቅ ያደርሳል። በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያና ወደ መቀሌ የታቀደው የባቡር መስመር አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር ሌላ ምንጭ ይጨመራል። ስለዚህ ቦታው ከአስፋልቱም ከባቡሩም ርቆ፣ ወደ ምዕራቡ የተራራ ግርጌ ጠጋ ብሎ፣ ዓለቱ በቅርብ በሚገኝበት ቢመረጥ ይሻላል። ነገር ግን እንደ ጎሊና ያሉት ወንዞች ከተራራው ሲወጡ ጎርፍ ይዘው ይመጣሉ፤ ገበሬው በጠለፋ ማሳውን የሚያጠጣበት ውሃ ለሕንጻ አደጋ ነው። የቦታ ምርጫው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው፣ በካርታ ብቻም አይወሰንም። የንዝረት መለኪያ ለአንድ ሳምንት ተክሎ ሌሊቱን ከቀኑ፣ የገበያውን ቀን ከሌላው ቀን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ዋጋው ከጠቅላላው ግንባታ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መሬቱ ከተሰጠና አጥሩ ከታጠረ በኋላ ግን ልኬቱ ፋይዳ የለውም።

ከመሬት በታች መግባቱስ? ሩሽሊኮን ያደረገው እኛንም ያጓጓል፤ የራያ ገበሬም ማሽላውን በጉድጓድ ሲያስቀምጥ የኖረው ምድሩ ከላይ ካለው ግለት ስለሚጠብቅለት ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ከዓመቱ አማካይ ብዙም አይወዛወዝም፤ በዚህ ቆላ ያ አማካይ ለላቦራቶሪ ከሚፈለገው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ የሚርቀው በጥቂት ነው። ሆኖም ጥቁሩ አፈር ክረምት ሲያብጥ ግድግዳን ይገፋል፣ ውሃም ይሰርጋል። ሙሉ ቤዝመንት መቆፈርን አልመክርም። በግርጌው ተዳፋት ላይ ከኋላው ወደ ኮረብታው የተሸጎጠ፣ ሦስት ወገኑ በድንጋይ ግድግዳና በአፈር የተከለለ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል አብዛኛውን ጥቅም ያለ ፓምፕ ይሰጣል። ጣሪያው ድርብ ይሁን፤ ከላይ ኤጋ ቆርቆሮ፣ መካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት፣ ከታች ኮንክሪት። ድንጋዩም ግንበኛውም እዚሁ አሉ።

ከፍታው ሌላ ወጥመድ ነው። በ1,500 ሜትር አየሩ ከባሕር ዳርቻው 14 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያን ያህል ይቀንሳል፤ ጀነሬተሩ አቅሙን ያጣል፤ የብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መደበኛ ደረጃም የሚያገለግለው እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከውጭ ካታሎግ ላይ በቀጥታ የተገለበጠ ቁጥር ይዞ የተገዛ ማቀዝቀዣ በሚያዝያና በግንቦት ግለት ይሸነፋል። አማካሪው ሰነዱ ላይ የቦታውን ከፍታና የሙቀት ጣሪያ በግልጽ እንዲጽፍ ማስገደድ ገንዘብ አያስወጣም።

መብራቱ ከሁሉ የከበደ ጉዳይ ነው። በ2021 እና በ2022 የሰሜኑ ጦርነት በዚህ አካባቢ ሲያልፍ ሰው ሞቷል፣ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲም ስሪንቃም ከተጎዱት መካከል ናቸው። አካባቢው ለወራት ያለ መብራት ቆይቷል። የቆቦ ጊራና ሸለቆን የመስኖ ጉድጓዶች የሚያውቅ ሰው ፓምፕ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ልማት እንዴት እንደሚቆም አይቷል። ከዚያ ያለፈ አካባቢ ሕንጻ ሲነድፍ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መብራት እንዲኖረው መመኘት የለበትም። የግድ ሳይቋረጥ መሥራት ያለበት ጥቂት ነው፦ የናሙና ፍሪጅ፣ የማይክሮስኮፑ ቫክዩም ፓምፕ፣ ፊዩም ሁዱና አነስተኛዋ ድንኳን። እነዚህ በአንድ መስመር ተለይተው በባትሪና በፀሐይ ኃይል ይደገፉ፤ ፀሐይ በዚህ ቆላ አይጠፋም። የቀረው መብራት ሲመጣ ይሥራ። ከባትሪው በላይ ደግሞ ስታቢላይዘሩና ጥሩ ግራውንዲንግ ያስፈልጋሉ፤ ማይክሮስኮፕ ከመቆራረጡ ይልቅ በሚዋዥቅ ቮልቴጅ ይበልጥ ይጎዳል።

ይህ ሁሉ በሐምሌ 2024 ሌላ ትርጉም አገኘ። ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በአንድ በጀት ዓመት የተያዘ የማይክሮስኮፕ ገንዘብ በብር ሲቆጠር ያው ነው፣ በዶላር ግማሽ። ስለዚህ የናኖ ሕንጻ ወጪ በሁለት ዓምድ መታየት አለበት፤ በብር የሚከፈለው (ድንጋይ፣ ኮንክሪት፣ ጉልበት፣ ግቢ፣ ጥላ) እና በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው (ማጣሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ መሣሪያ፣ መለዋወጫ)። ሁለተኛውን ለመቀነስ የመጀመሪያውን ማብዛት በአሁኑ ጊዜ ትክክለኛው ንግድ ነው። ወፍራም ግድግዳ አንድ ጊዜ በብር ይከፈላል። ቀጭን ግድግዳ የሚያስገዛው ትልቅ ማቀዝቀዣ በየጥቂት ዓመቱ በዶላር ይተካል።

መሣሪያውንም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው መግዛት የለበትም። ሕንድ ከ2008 አካባቢ ጀምሮ በባንጋሎሩ የሳይንስ ተቋምና በቦምቤይ አይአይቲ ያሉትን የናኖ ላቦራቶሪዎች ከመላ አገሪቱ ለሚመጡ ተመራማሪዎች ከፍታለች፤ ደቡብ አፍሪካም በ2007 ሁለት የናኖ ፈጠራ ማዕከሎችን በሚንቴክና በሲኤስአይአር የምርምር ተቋማት ሥር አቋቁማ ሀብቷን ሰብስባለች። በእኛ አገር ከባዱ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዲስ አበባና አዳማ ይኑር፤ ባለሙያ ተቀጥሮለት፣ የጥገና ውል ተፈርሞለት፣ ቀጠሮው ለሁሉም ክፍት ሆኖ። የወልድያ ወይም የቆቦ ተመራማሪ ናሙናውን በአውቶቡስ ይዞ ይሂድ፣ ሳምንት ሠርቶ ይመለስ። እዚህ የሚያስፈልገው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ መሣሪያ፣ ናሙናውን በደንብ የሚያዘጋጅ ንጹሕ እጅና የማይቋረጥ የአየር መሳቢያ ነው። በዚህ ልክ የተነደፈ ቤት ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ካሬ ሜትር ውስጥ ይገባል።

ለቴክኒሻኖቹ ቦታ መተውም የንድፍ ሥራ ነው። ማጣሪያው የሚለወጥበት፣ ፋኑ የሚፈታበት መተላለፊያ ከንጹሑ ክፍል በስተውጭ ሰው ቆሞ በሚሄድበት ስፋት ካልተተወ፣ ጥገና በመጣ ቁጥር ክፍሉ ተከፍቶ ይበከላል። ቆቦና ወልድያ ላይ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሠለጠኑ ወጣቶች አሉ፤ ከማቀዝቀዣና ከኤሌክትሪክ ሙያተኞቹ ሁለቱን ግንባታው ሲጀመር ቀጥሮ ከተቋራጩ ጋር ቧንቧውን አብረው እንዲዘረጉ፣ ሽቦውን አብረው እንዲያስሩ ማድረግ ይቻላል። ውሉ ሲፈረም አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ርክክቡ የሚፈጸመው ክፍሉ ባዶ ሳለ፣ ከዚያም ሰው ሥራ ላይ እያለ ብናኙ ተቆጥሮ፣ ንዝረቱ ተለክቶ፣ መብራቱም ሆን ተብሎ ጠፍቶ ድንኳኗ በባትሪ መቆየቷ ከታየ በኋላ ነው፤ ልኬቱንም እነዚያ ሁለቱ ሙያተኞች ራሳቸው ያካሂዱት።